የሴት ሲቪል መሐንዲስ መንገድ፦ ከዲፓርትመንት ምርጫ እስከ ፕሮጀክት ማኔጀርነት

በአንድ ግንባታ ላይ ማን ምን ሥልጣን እንዳለው ለማወቅ የሥራ መደቡን ስም መጠየቅ አያስፈልግም። ማን ምን ላይ እንደሚፈርም ማየት ይበቃል። ብረቱ ተረጋግጦ አርማታ እንዲሞላ የሚፈርም አለ፤ የተሠራው ተለክቶ ክፍያ እንዲጠየቅ የሚፈርም አለ፤ ከአሠሪው (ሕንፃውን ከሚያሠራው ባለቤት) ጋር ደብዳቤ የሚጻጻፍና በመጨረሻ ርክክቡ ላይ የሚፈርም አለ። ብዙ ጎበዝ ሴት መሐንዲሶች አምስትና ስድስት ዓመት ሠርተው እዚያው የሚቀሩት ሌላ ሰው የሚፈርምበትን ወረቀት ሲያዘጋጁ ስለሚከርሙ ነው። ይህ መመሪያ በሕንፃ ተቋራጭ ድርጅት በኩል የሚሄደውን መንገድ ይዞ፣ እነዚህን ፊርማዎች በየትኛው ቅደም ተከተልና እንዴት እጅሽ እንደምታስገቢ ያሳያል። በአማካሪ ድርጅት ወይም በመንገድ ሥራ በኩል የምትገቢ ከሆነ ዝርዝሩ ይለያያል እንጂ ቅደም ተከተሉ ያው ነው።

1. ግቢ ውስጥ፦ መሣሪያውን ያዢ

የመጀመሪያው ዓመት የጋራ ፍሬሽማን ስለሆነ ወደ ዲፓርትመንት የምትመደቢው በምርጫሽና በውጤትሽ ነው። ሲቪል ኢንጂነሪንግ በአምስት ኪሎው የአዲስ አበባ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በአዳማ፣ በባሕር ዳር፣ በጅማ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ግቢዎች ይሰጣል። ሐሳብሽ ከዲዛይን ይልቅ ወደ ግንባታ አስተዳደር ካዘነበለ ልደታ ያለው የሕንፃና ከተማ ልማት ኢንስቲትዩት በኮንስትራክሽን ቴክኖሎጂና ማኔጅመንት የታወቀ ነው።

ሁሉም ኮርስ እኩል አያገለግልሽም። ሳይት ላይ በየቀኑ የምታወጪያቸው የኮንስትራክሽን ማቴሪያል፣ ሰርቬይንግ፣ ሪኢንፎርስድ ኮንክሪትና የመጠን ስሌት ናቸው። ብዙ ተማሪ "የወሬ ኮርስ" ብሎ የሚንቀው የውልና ስፔሲፊኬሽን ኮርስ ደግሞ ከአምስት ዓመት በኋላ ደመወዝሽን የሚወስነው እሱ ስለሆነ ማስታወሻውን አትጣዪው።

የሰርቬይንግ ፊልድ ላይ አንድ የታወቀ ነገር አለ። አንድ መሣሪያ ለአምስትና ለስድስት ተማሪ ይደርሳል፤ ወንዶቹ ቶታል ስቴሽኑን (ርቀትና ማዕዘን የሚለካውን መሣሪያ) ይይዛሉ፣ ለሴቷ "ጽሑፍሽ ያምራል" ተብሎ ደብተሩ ይሰጣታል። ደብተር ይዘሽ ሴሚስተሩ ካለቀ፣ ሳይት ላይ በመጀመሪያው ሳምንት ሰርቬየሩ የነገረሽን ቁጥር ከመቀበል ውጪ ምርጫ አይኖርሽም። ስለዚህ ከመጀመሪያው ቀን በተራ እንዲሆን ጠይቂ፤ ካልሆነም ቡድኑ ሲያርፍ ትሪፖዱን ራስሽ ተክለሽ፣ አረፋውን መሐል አድርሰሽ፣ ሌቭል ወስደሽ ወደተነሣሽበት ነጥብ ዝጊ። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ከባክሳይት (ወደ ኋላ የተነበበው) ድምር ላይ የፎርሳይት (ወደ ፊት የተነበበው) ድምር ሲቀነስ የሚመጣው፣ ከመጨረሻው ከፍታ ላይ የመጀመሪያው ከፍታ ሲቀነስ ከሚመጣው ጋር እኩል መሆን አለበት። ይህ የሚያጣራው ስሌቱን ነው፤ የንባብ ስሕተትሽን የሚያሳይሽ ግን ስትዘጊ የመጣው ከፍታ ከመነሻው ከፍታ ጋር ያለው ልዩነት ነው።

በሶፍትዌር በኩል አውቶካድን በሁለተኛው ዓመት፣ ኤክሴልን እስከ ጥግ ድረስ፣ ኢታብስን (የሕንፃ ስትራክቸር ማስሊያ ሶፍትዌር) በአራተኛው ዓመት ያዢ። ኢታብስ ከመክፈትሽ በፊት ግን አንድ ቢም በእጅ ሥሪ። በሁለት ጫፉ ያረፈ 5 ሜትር ቢም በሜትር 20 ኪሎ ኒውተን ሲጫንበት መሐሉ ላይ የሚመጣው ሞመንት 20 ሲባዛ በ25 ሲካፈል ለ8፣ ማለትም 62.5 ኪሎ ኒውተን ሜትር ነው። ሶፍትዌሩ 110 ቢልሽ መጀመሪያ አንቺ ያስገባሽውን ጭነት ፈትሺ።

የዲዛይን ኮድን (የአገሪቱን የሕንፃ ደንብ) በተመለከተ አሮጌውንም አዲሱንም ማወቅ ግድ ነው። አሁን የሚሠራበት በ2015 እ.ኤ.አ. የወጣው፣ በአውሮፓ ኮድ ላይ የተመሠረተው ኢኤስ ኢኤን ነው። ሳይት ላይ የሚያወራሽ ሰው ሁሉ ግን በ1995ቱ ኢቢሲኤስ ቋንቋ ነው የሚያወራሽ። "ሲ-25" ሲሉሽ የአርማታውን የኩብ ጥንካሬ (በካሬ ሚሊ ሜትር 25 ኒውተን) ማለታቸው ነው፤ በአዲሱ አጻጻፍ ሲ20/25 ይባላል።

2. ኢንተርንሺፕ፦ ሳይቱን ምረጪ

የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ ከግቢ ከመውጣቱ በፊት ሳይቱን ራስሽ ፈልጊ። መሠረት ወይም ስትራክቸር ላይ ያለ ሕንፃ ይሁን። ፊኒሺንግ ላይ ያለ ሳይት ከሄድሽ አራት ወር ሙሉ የሴራሚክ ካርቶን ስትቆጥሪ ትከርሚያለሽ። ከቤት ቅርብ ነው ወይም አጎት አለ ተብሎ የሚመረጥ ዋና መሥሪያ ቤትም እንዲሁ ነው፤ ሻይ ይጋበዛል፣ ውጤት ይሞላል፣ የሚታወቅ ነገር የለም።

ስትወጪ እነዚህ አራቱ በእጅሽ ይኑሩ፤ ራስሽ የሠራሽው አንድ የቴክኦፍ (የሥራ መጠን ልኬት) ሉህ፣ አንድ የብረት ዝርዝር (ባር ስኬጁል)፣ የአንድ ክፍያ ሰርተፍኬት አሠራር፣ የፕሮጀክቱ የሥራ መርሐ ግብር። የድርጅቱን ሰነድ ኮፒ አድርገሽ መውጣት ሌብነት ነው። የአንድ ኮሎን መስመር ለራስሽ ሠርተሽ ኦፊስ ኢንጅነሩን "ያርሙልኝ" ማለት ግን ማንም አይከለክልሽም፤ እንዲያውም ለቅጥር የሚያስታውሱሽ በዚያ ነው።

3. ከምረቃ እስከ መጀመሪያ ቅጥር

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተና ያላለፈ አይመረቅም፤ ማለፊያው 50% ነው። ቴምፖራሪሽን (ጊዜያዊ ዲግሪሽን) እና ስቱደንት ኮፒሽን (የውጤት ቅጂሽን) እንዳገኘሽ ስካን አድርገሽ ሁለት ቦታ አስቀምጪ። ዋናው ዲግሪና ኦፊሺያል ትራንስክሪፕት ወጪ መጋራት ሳይጠናቀቅ ስለማይሰጥ ክፍያውን ከመጀመሪያው ደመወዝ ጀምሮ አስይዢው፤ ለማስተርስ ወይም ለውጭ ስትቸኩይ ነው የሚያንቅሽ።

ማስታወቂያው "ዜሮ ዓመት፣ ሲቪል ምህንድስና" ይላል፤ ቃለ መጠይቁ ላይ ግን "ኦፊስ ብትሆኚ አይሻልሽም? ሳይት ይከብድሻል" ይመጣል። በክፋት የሚባል አይደለም፤ አብዛኛው እንደ ርኅራኄ ቆጥሮት ነው። መልሱ አጭር ይሁን፦ "ሳይት ነው የምፈልገው፤ ከሁለት ዓመት በኋላ ኦፊስ ብገባ ደስ ይለኛል።" ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። ሳይት ሠርታ ኦፊስ የገባች መሐንዲስ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ታውቃለች፤ በቀጥታ ኦፊስ የገባችው ግን ስድስተኛ ዓመቷ ላይ ለፕሮጀክት ማኔጀርነት ስትታጭ "ሳይት አታውቅም" የሚባል አንድ ዓረፍተ ነገር ያስቀራታል።

የቅጥር ውሉን ስትፈርሚ የሥራ መደቡ "ሳይት ኢንጅነር" ተብሎ መጻፉን እይ። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም። የጡረታ መዋጮ ካንቺ 7%፣ ከቀጣሪው ድርጅት 11% መሆኑንና በስምሽ መግባቱን፣ የሥራ ግብርሽም መከፈሉን አጣሪ። ይህን አሁን የምታጣሪው ለጡረታ ብለሽ አይደለም፤ ከግል ድርጅት የሚመጣ የሥራ ልምድ ግብር የተከፈለበት መሆኑ ካልተገለጸ ብዙ መሥሪያ ቤት አይቆጥረውም።

ከሳይቱ ጋር ደግሞ ሦስት ነገር ቀድመሽ ተነጋገሪ፤ ለሴት የተለየ ሽንት ቤት፣ ካምፕ ካለ ከውስጥ የሚቆለፍ ክፍል፣ አርማታ ሲያመሽ መመለሻ መኪና። ሴፍቲ ጫማው ብዙ ጊዜ ከ40 ቁጥር በታች ስለማይገዛ የራስሽን ግዢ። በሁለት ቁጥር በሚበልጥሽ ጫማ ፖንቴ (የግንባታ መወጣጫ) ላይ መውጣት የክብር ጉዳይ አይደለም፣ ያወድቃል።

4. ሳይት፦ የመጀመሪያው ፊርማ

የሳይት ኢንጅነር ሥልጣን የሚታየው አርማታ በሚሞላበት ቀን ነው። አማካሪው መሐንዲስ (አሠሪውን ወክሎ ሥራውን የሚቆጣጠረው) ካየው በኋላ መሙላት የሚፈቀደው በወረቀት ነው፤ በተቋራጩ በኩል "ተዘጋጅቷል" ብሎ የሚፈርም ሰው ያስፈልጋል። ያ ሰው አንቺ ሁኚ። ሲኒየሩ "እኔ እፈርማለሁ፣ አንቺ እይልኝ" ካለሽ፣ "እኔ ልይና ልፈርም፣ እርስዎ ያጽድቁት" በይው። ኃላፊነቱን መሸከም ያስፈራል፤ ሳትፈርሚ ግን ልምድ አይቆጠርልሽም።

120 ካሬ ሜትር፣ 15 ሴንቲ ውፍረት ያለው ሶሌታ (የፎቅ ወለል አርማታ) ነገ ይሞላል እንበል። ዛሬ ከሰዓት የምትሠሪው ይኸውና።

መጠኑን አውጪ። 120 ሲባዛ 0.15 ስንል 18 ሜትር ኩብ ነው። ለሲ-25 በብዙ የሥራ ዝርዝር የሚጠየቀው በሜትር ኩብ 360 ኪሎ ሲሚንቶ ነው፤ 18 ሲባዛ በ360 ስንል 6,480 ኪሎ፣ በ50 ኪሎ ከረጢት 129.6፤ ከ5% ብክነት ጋር 136 ያህል ከረጢት። መጋዘኑን ሄደሽ በዓይንሽ ቁጠሪ። ስቶር ኪፐሩ "አለ" ያለው ሲሚንቶ ከግማሹ በላይ ደርቆ የጠጠረ ሆኖ ሲገኝ አርማታው መሐል ላይ ይቆማል፤ የቆመበት ቦታ ደግሞ በኋላ ውሃ የሚያስገባ መገጣጠሚያ ይሆናል።

የመለኪያ ሳጥኑን በሜትር ለኪ። አንድ ከረጢት ሲሚንቶ በይዘት 35 ሊትር ያህል ነው፤ ስለዚህ የአሸዋና የጠጠር ሳጥኑ 50 በ40 በ17.5 ሴንቲ ሲሆን ልክ አንድ ከረጢት ይሆናል። 20 ሴንቲ ከፍታ ያለው ሳጥን ተሠርቶ ተቆልሎ ከተሞላ፣ 1፡2፡3 (ሲሚንቶ፣ አሸዋ፣ ጠጠር) ያልሽው ድብልቅ ሳታውቂ ከ1፡2.3፡3.4 ያልፋል።

ብረቱን በሥዕሉ ቁጠሪ፤ ርቀቱን በሜትር ለኪ እንጂ በዓይን አትገምቺ። ከሥር የተቀመጠውን ስፔሰር (ብረቱን ከካሳፎርማው፣ ማለትም ከአርማታው ቅርጽ ማውጫ፣ አንሥቶ የሚይዘውን) ነካ ነካ አድርጊው። በድንጋይ ቁራጭ የተደገፈ ፌሮ (ብረት) ሰው ሲረግጠው ይተኛል፤ ካሳፎርማው ሲነሣ ብረቱ ራቁቱን ይታያል። የላይኛው ብረት በሚሞሉት ሰዎች እግር ሥር እንዳይጨፈለቅ የመረማመጃ ጣውላ መዘርጋቱን እይ። ይህን የሚያስታውስ ጥቂት ሰው ነው፤ በረንዳ ላይ የሚታየው ስንጥቅ ብዙውን ጊዜ ከዚህ ነው የሚመጣው።

ድጋፎቹ በጠንካራ መሬት ላይ መቆማቸውን፣ በዝናብ ወቅት ከሆነ ደግሞ ሥራቸው ጣውላ መኖሩን አረጋግጪ። ቫይብሬተር ሁለት ይኑር፤ አንዱ ይበላሻል።

በማግስቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ሚክሰሩ ይነሣል። ወደ 10 ሰዓት ግድም ሰው ሲደክም ነገሩ እንዲህ ይመጣል። ፎርማኑ ላቡን እየጠረገ ይጠጋሽና "ኢንጂነር፣ ትንሽ ውሃ ይጨመርበት፤ አልወርድ አለን" ይልሻል። ከአባትሽ የማያንስ ሰው ነው። "ጋሼ፣ ውሃውስ አይጨመርም። ቫይብሬተሩን ያስጠጉልኝ፣ ባሬላ የያዙት ልጆች በሁለት ይከፈሉ" በይው። ምክንያቱን ማወቅ ያለብሽ አንቺ ነሽ፦ በከረጢት 25 ሊትር ውሃ ሲገባ የውሃና የሲሚንቶ ምጣኔው 0.5 ነው፤ 5 ሊትር ሲጨመርበት 0.6 ይሆናል፣ ጥንካሬው በግልጽ ይወርዳል። ጠዋት ዝናብ የነካው አሸዋ ካለ ደግሞ 25ቱም ይበዛል፣ ትቀንሻለሽ።

"ጋሼ" እና "እርስዎ" ማለት ሥልጣን አይቀንስም። ብዙ ጀማሪ እዚህ ላይ ትሳሳታለች፤ ወይ ለመፈራት ትጮኻለች፣ ወይ ለመወደድ ትለማመጣለች። አክብሮቱ በአፍ፣ ትእዛዙ በሳይት ቡክ ይሁን። "ቀን፣ ሰዓት፣ ሶሌታ 2ኛ ፎቅ፣ ውሃ እንዳይጨመር ተነግሯል" ብለሽ ጽፈሽ ፎርማኑን ካስፈረምሽ ክርክሩ እዚያው ያበቃል። "እሙዬ"፣ "ቆንጆ" እያለ የሚጠራሽ ካለም በሰው ፊት አታዋርጂው፤ ለብቻው "ኢንጂነር በሉኝ" ብትይው ይበቃል፣ በሁለተኛው ጊዜም መልስሽ ያው ይሁን።

ስላምፕ (የአርማታውን ቅጥነት) ስትለኪ ኮኑን በሦስት ንብር ሞልተሽ እያንዳንዱን 25 ጊዜ ውጊው። 15 ሴንቲ ኩብ ቢያንስ ስድስት ውሰጂ፤ ሦስቱ ለ7 ቀን፣ ሦስቱ ለ28 ቀን። ላያቸው ላይ ቀኑንና ቦታውን ጻፊባቸው። "የኛ ኩብ የቱ ነው?" የሚለው ጥያቄ ላቦራቶሪ በር ላይ ሲነሣ መልሱ ከጠፋ፣ የሞላሽው ሶሌታ ማስረጃ አልባ ሆነ ማለት ነው። የ7 ቀኑ ውጤት ከ28 ቀኑ ሁለት ሦስተኛ አካባቢ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል፤ ለሲ-25 የ7 ቀኑ 11 ወይም 12 ከመጣ 28 ቀን እስኪሞላ አትጠብቂ፤ የዚያኑ ዕለት ለአማካሪው በጽሑፍ አሳውቂና በላዩ ላይ የሚመጣው የኮሎን ሥራ እንዳይቀጥል አድርጊ። መደበቅ የሚያዋጣ ይመስላል፤ ሦስት ፎቅ ከተጫነበት በኋላ ግን ማፍረሱ ሦስት እጥፍ ነው።

ለሰባት ቀን በጆንያና በውሃ መጠጣቱን ተከታተዪ። ቅዳሜ ከሰዓትና እሑድ የሚያጠጣውን ዘበኛ ስም ጻፊ፤ አርማታ የሚደርቀው በሰንበት ነው።

እንዲህ ሆኖ ከመሠረት እስከ ጣሪያ ቢያንስ አንድ ሕንፃ አስጨርሺ። ጊዜው ሁለት ዓመት ያህል ነው። በየሦስት ወሩ የራስሽን የሥራ ማስታወሻ ያዢ፤ የቱን ክፍል እንዳስሞላሽ፣ ስንት ሜትር ኩብ፣ በስንት ሰው።

5. ገንዘቡ፦ ሁለተኛው ፊርማ

አሁን ወደ ኦፊስ ግቢ። ኦፊስ ኢንጅነርነት የሚጠቅመው ከሳይት በኋላ ሲመጣ ነው ያልነው ለዚህ ነው፤ ቴክኦፍ የሚሠራ ሁሉ ሥዕል ያነብባል፣ የተሠራውን የሚያውቅ ግን የሳይት ሰው ነው።

አማካሪ ክፍያ ሲመልስ የሚያገኛቸው ስሕተቶች ተመሳሳይ ናቸው። ቢምና ሶሌታ ሲገናኙ ሁለቴ ይቆጠራል፦ 25 በ50 ሴንቲ የሆነ ቢም ላዩ 15 ሴንቲ ሶሌታ ካለበት ለቢም የሚቆጠረው 35 ሴንቲው ብቻ ነው። በ100 ሜትር ቢም ላይ ይህን ብትረሺ 3.75 ሜትር ኩብ ያለ አግባብ ጠየቅሽ ማለት ነው። ሁለተኛው፣ የብሎኬት ግድግዳ ላይ በርና መስኮት አለመቀነስ፦ 90 በ210 የሆነ በር 1.89 ካሬ ነው፣ 40 በር 75.6 ካሬ ይሆናል። ሦስተኛው ብረት ነው። ክብደቱን ዲያሜትሩን በራሱ አባዝተሽ ለ162 በማካፈል ታገኚዋለሽ፤ ዲያሜትር 12 በሜትር 0.89፣ ዲያሜትር 16 በሜትር 1.58 ኪሎ። የ12 ሜትር ዘንግ ተቆርጦ የሚተርፈው ቁራጭ ግን በክፍያ አይቆጠርም፣ የድርጅትሽ ኪሳራ ነው፤ ስለዚህ የመቁረጫ ዕቅዱን ከብረት ሠራተኛው ጋር ቁጭ ብለሽ ሥሪው።

የክፍያው አሠራር በቁጥር ይህን ይመስላል። እስከዛሬ የተሠራ 48,600,000 ብር፤ ከዚህ በፊት የተከፈለበት 39,200,000፤ የዚህ ዙር 9,400,000። ከዚህ ላይ 5% ሪቴንሽን (እስከ መጨረሻው ርክክብ ለዋስትና የሚያዝ ገንዘብ) 470,000 ይያዛል፤ ቅድሚያ ክፍያ 20% ተወስዶ ከሆነና በዚያው መጠን የሚመለስ ከሆነ 1,880,000 ይቀነሳል፤ 7,050,000 ይቀራል። ቫቱንና ሌላውን ግብር ከፋይናንስ ክፍል ጋር ተቀምጠሽ አስተካክዪ። ድርጅቱ ለቀን ሠራተኛና ለሲሚንቶ የሚያወጣው ከዚህ 7 ሚሊዮን እንጂ ከ9.4ቱ አይደለም። ይህን ልዩነት በቃሏ የምትናገር መሐንዲስ የሥራ አስኪያጁ ስብሰባ ላይ ትጠራለች።

ቀጥሎ የሚመጣው ውል ነው፤ እዚህ ላይ ሌላውን ሁሉ ትተሽ ሦስት ወር ብታጠፊ አትጸጸቺም። በመንግሥት ፕሮጀክት የምታገኚው የመንግሥት ግዥና ንብረት ባለሥልጣን መደበኛ ውል ነው፤ በውጭ ብድር በሚሠራ ሥራ ፊዲክ (የዓለም አቀፉ የአማካሪ መሐንዲሶች ፌዴሬሽን ውል) ይሆናል። ከሁለቱም መጀመሪያ የምታነቢው ስለ ማሳወቂያ ጊዜ የሚናገረውን አንቀጽ ነው። በ1999ኙ የፊዲክ ቀይ መጽሐፍ ተቋራጩ የይገባኛል ጥያቄውን ምክንያቱን ባወቀ በ28 ቀን ውስጥ ካላሳወቀ መብቱን ያጣል። ሥዕል ሳይሰጥ ሲዘገይ፣ የመሬቱ ካሣ ሳያልቅ ሲቀር፣ አማካሪው በቃል "እዚህች ጋ ግድግዳ ጨምሩ" ሲል፣ ያን ዕለት ደብዳቤ ካልወጣ ከሁለት ዓመት በኋላ የሚያስታውሰው የለም። በቃል የታዘዘ ተጨማሪ ሥራ የሚከፈለው በጽሑፍ ሲረጋገጥ ነው፤ "ባዘዙን መሠረት ልንጀምር ስለሆነ በጽሑፍ ያረጋግጡልን" የሚል ሁለት መስመር ይበቃል። ደብዳቤውን አንቺ አርቅቂው፣ ላኪው፣ መዝገብ ቁጥሩን ያዢ።

መዘግየት ስንት እንደሚያስከፍል ለአለቃሽ በብር ንገሪው። በብዙ የመንግሥት ውል የመዘግየት ቅጣቱ በቀን 0.1% ሆኖ ጣሪያው 10% ነው። የ200 ሚሊዮን ብር ፕሮጀክት በቀን 200,000 ብር ይቀጣል፤ በ100 ቀን ጣሪያው ይሞላል፣ ከዚያ በኋላ አሠሪው ውሉን ማቋረጥ ይችላል።

6. ምዝገባና ተጨማሪ ትምህርት

የባለሙያ ምዝገባሽን በግራጁዌት ኢንጂነርነት ጀምረሽ ወደ ፕሮፌሽናል፣ ከዚያም ወደ ፕራክቲሲንግ ፕሮፌሽናል አሳድጊ። እያንዳንዱ ዕድገት የሚያርፈው በሥራ ልምድ ደብዳቤ ላይ ነው። ደብዳቤው መደቡን፣ ከመቼ እስከ መቼ፣ የፕሮጀክቱን ስምና የውል መጠን፣ ግብር መከፈሉን ይያዝ። "በድርጅታችን በመልካም ሥነ ምግባር አገልግላለች" የሚል ብቻውን ለምዝገባ አይረዳም። ድርጅቶች በደረጃቸው ልክ የተመዘገበ መሐንዲስ ማቅረብ ስለሚጠበቅባቸው የምዝገባ ወረቀትሽ ዋጋ አለው። ሳይት ላይ ሳትሠሪ ወረቀትሽን ብቻ "ማከራየት" ግን አትሞክሪ፤ ሕንፃው ችግር ሲገጥመው የሚጠየቀው ስሙ የተጻፈው ነው።

ማስተርሱን በማታ ፕሮግራም ከአራተኛው የሥራ ዓመትሽ ወዲህ ጀምሪ። ወደ አመራር ለምትሄድ ኮንስትራክሽን ማኔጅመንት ከስትራክቸር ይልቅ ያዋጣል፤ ስሌት የምትወጂ ከሆነ ግን ይህን ምክር እርሺው። ፒኤምፒ የሚባለው ዓለም አቀፍ ሰርተፍኬት ለዲግሪ ያዥ 36 ወር ፕሮጀክት የመምራት ልምድና 35 ሰዓት ሥልጠና ይጠይቃል። ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች ወይም ወደ አሜሪካ የመሄድ ሐሳብ ካለሽ የትምህርት ማስረጃውን በአገር ውስጥ ቀድመሽ አረጋግጠሽ አስጨርሺ። በሳዑዲ የመሐንዲሶች ምክር ቤት ምዝገባ ይጠየቃል፤ በአሜሪካ ደግሞ ኤፍኢ እና ፒኢ የሚባሉ ሁለት ፈተናዎች አሉ፣ የአገር ቤቱ ልምድሽ የሚቆጠረውም በዝርዝር ከተጻፈ ብቻ ነው።

7. እርግዝና፣ ወሊድ፣ ትንኮሳ

አዋጅ 1156 ከወሊድ በፊት 30፣ ከወሊድ በኋላ 90፣ በጠቅላላው 120 ቀን ደመወዝ ያለው ፈቃድ ይሰጣል። ነፍሰ ጡር ሴት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ልትሠራ ወይም ትርፍ ሰዓት ልትታዘዝ አይገባም። ከእርግዝና ጀምሮ ከወለደች እስከ አራት ወር ድረስ በዚህ ምክንያት አትሰናበትም። ሕጉ ይህን ያህል ግልጽ ሆኖ ሳለ ቦታ የሚጠፋው በሌላ መንገድ ነው፤ ስትመለሺ ፕሮጀክቱ ተይዟል፣ አንቺ "እስክትጠነክሪ" ዋናው ቢሮ ትቀመጫለሽ። ከመውጣትሽ በፊት የርክክብ ሰነድ ሥሪ፤ የቀረ ክፍያ፣ ያልተመለሰ ደብዳቤ፣ የሚጠበቅ ሥዕል። ተተኪው "በጊዜያዊነት" መመደቡንና የምትመለሺበት ቀን በደብዳቤ መጻፉን አረጋግጪ። ከልጅ ጋር ክፍለ ሀገር ካምፕ መኖር ካልተቻለ፣ ቢያንስ በአዲስ አበባ ያለ ፕሮጀክት ላይ በዚያው ደረጃ ጠይቂ፤ ደረጃ ዝቅ ብሎ ከተማ መግባትን በፈቃድሽ አትጠይቂው።

ትንኮሳ ሲደርስ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ቃሉን፣ ማን እንደነበረ የዚያኑ ምሽት ጻፊ፤ የስልክ መልእክቱን አታጥፊ። ለቀጣሪ ድርጅትሽ በጽሑፍ አቅርበሽ የተቀበለበትን ፊርማ ያዢ። ቀጣሪው ወይም የሥራ መሪው ራሱ ካደረገው፣ ወይም የሥራ ባልደረባ አድርጎት ቀጣሪው እየተነገረው በጊዜው እርምጃ ካልወሰደ፣ ሕጉ ያለ ማስጠንቀቂያ ሥራውን ለመልቀቅና ካሣ ለመጠየቅ መብት ይሰጥሻል።

8. ፕሮጀክት ማኔጀር፦ ሦስተኛው ፊርማ

እዚህ ደረጃ የሚደርሱት አብዛኛውን ጊዜ በውክልና ነው። ማኔጀሩ ይለቃል፣ "አንቺ ያዢው ለጊዜው" ይባላል፣ ጊዜው ዓመት ይሆናል፣ ደብዳቤ የለም፣ አበል የለም። ከመጀመሪያው ሳምንት የውክልና ደብዳቤ ጠይቂ፤ የሚጀምርበት ቀን፣ የገንዘብ ገደቡ፣ አበሉ፣ በስንት ወር ውሳኔ እንደሚሰጥ ይጻፍበት። ደብዳቤ ካልተሰጠሽ ሥራውን ሥሪ፣ ከአሠሪው ጋር ያለው ደብዳቤ ላይ ግን "ስለ ፕሮጀክት ማኔጀር" ብለሽ በስምሽ ፈርሚ፤ ፋይሉ ራሱ ይመሰክራል።

ሥራው ሦስት ወር አስቀድሞ ማየት ነው። በየሳምንቱ የምትከልሺው አንድ የኤክሴል ሉህ ይኑርሽ፤ የሚገባ ክፍያ በየትኛው ሳምንት፣ የሚወጣ ገንዘብ በየትኛው ሳምንት። ክፍያ ካስገባሽበት እስከ ባንክ ያለውን ትክክለኛ ቀን ካለፉት አምስት ክፍያዎች አውጪው፤ ውሉ የሚለውን ቀን አትመኚ።

መርሐ ግብሩ ላይ የአገሩን ዓመት አስገቢ። የመሠረት ቁፋሮ ሰኔ ሳይገባ ካላለቀ እስከ መስከረም ጉድጓድ ውስጥ ውሃ ስትስቢ ትከርሚያለሽ። ለመስቀል የጉራጌ ልጆች አገር ይገባሉ፤ ብረት አሳሪና አናጢ ይሳሳል። ኅዳርና ታኅሣሥ አጨዳ ነው፤ የቀን ሠራተኛው ወደ ቀዬው ይሄዳል። ሊፍትና ሌላ ከውጭ የሚገባ ዕቃ በውጭ ምንዛሪ ምክንያት ሊዘገይ ስለሚችል ትእዛዙ ስትራክቸሩ ሳያልቅ ይውጣ።

የሳምንቱ ስብሰባ ቃለ ጉባኤ በዚያው ቀን ይሠራጭ፤ እያንዳንዱ ነጥብ ስምና ቀን ይኑረው። ቃለ ጉባኤ ያዥዋ አንቺ አትሁኚ። በክፍሉ ውስጥ ብቸኛዋ ሴት ስትሆኚ ብዕሩ ወደ አንቺ ይገፋል፤ ኦፊስ ኢንጅነሩ ይጻፍ፣ አንቺ ምሪውና አርመሽ ፈርሚ። ጀማሪ ሴት መሐንዲስ ስትቀጥሪም መጀመሪያ የምትመድቢያት ሳይት ላይ ይሁን።

ፕሮጀክቱ ሲያልቅ ጊዜያዊ ርክክብ ይደረጋል፤ ጉድለቶቹ ተዘርዝረው ቀን ይቆረጥላቸዋል፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ዓመት በኋላ የመጨረሻው ርክክብ ሆኖ የተያዘው ሪቴንሽን ይለቀቃል። የጉድለት ዝርዝሩን ከአማካሪው ጋር ክፍል በክፍል ዞረሽ ራስሽ ያዢው፤ "ቀሪ ሥራዎች ሲጠናቀቁ" የሚል ደፍጣጣ ሐረግ ከገባ ዝርዝሩ ዓመቱን ሙሉ ያድጋል። ሰዉ ወደ ሌላ ሳይት ሳይበተንና ማኅተም ያዡ ሳይቀየር፣ የፕሮጀክቱን ስም፣ የውል መጠኑን፣ የተጀመረበትንና ያለቀበትን ቀን፣ መደብሽንም "ፕሮጀክት ማኔጀር" ብሎ የሚጽፍ ደብዳቤ ከተቋራጩም ከአሠሪውም አውጥተሽ፣ ሁለቱንም ስካን አድርጊ።